ሥዕሉ በማን በማን እጅ አለፈ? ጋለሪ ገብተው ለመጠየቅ ላፈሩ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት ሜልቦርን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር አንድ የግል ጋለሪ ጎራ ብለው ነበር። በፊተኛው ክፍል የአውስትራሊያ ዘመናዊ ሠዓሊያን ሥራ ተሰቅሏል፤ በኋለኛው ክፍል ደግሞ የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ሠዓሊያን። ከኋለኛው ክፍል አንድ በነጥብ የተሞላ ሸራ ዓይናቸውን ያዘው። ዋጋው 3,800 ዶላር ነው። ልጃቸው «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለ። እሳቸው ግን ሥዕሉ ከልባቸው አልወጣም። «ይህን ያህል ያወጣል? ገንዘቡ ሠዓሊዋ ጋ ይደርሳል? እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? የሌላ ሕዝብ ምስጢር ሳሎኔ ብሰቅልስ ነውር አይሆንም? እዚያው ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ» ይላሉ።

እህቴ፣ ማፈርዎ ይገባኛል። ነጭ ግድግዳ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተሯ ላይ ያቀረቀረች ሠራተኛ። የኛ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ እዚሁ አገር ጋለሪ ውስጥ ሥዕል ስረከብ፣ ስመዘግብ፣ ስሰቅልና ሳሽግ 16 ዓመት ሆኖኛል። ያቺ ያቀረቀረችው ልጅ ጥያቄ ሲመጣላት ደስ ነው የሚላት። የተቀጠረችውም ለዚያ ነው።

ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቋት። ይህ ሸራ ከሠዓሊዋ እጅ ተነስቶ እዚህ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል በማን በማን እጅ አለፈ? የዋጋውም፣ የገንዘቡም፣ የእውነተኛነቱም መልስ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚመዘዘው። እኔ ራሴ ሥዕል ስረከብ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ነው የማየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ የንግድ ጋለሪ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሽያጭ አለ። ግድግዳው አንድ ስለሆነ ለገዢ አይለይም። አንደኛው አዲስ ሥራ ነው። ሠዓሊው ወይም ወኪሉ ሥዕሉን በአደራ ያስቀምጣል። ጋለሪው ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጃል፤ ደንበኞቹን ይጠራል፤ የመክፈቻ ምሽት ወይን ያቀርባል። ከተሸጠ ኮሚሽኑን ቆርጦ ቀሪውን ያስረክባል። ካልተሸጠ ሥዕሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። የመሃል ከተማ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ ከዚያው ነው የሚወጣው። በእኔ ግምት ጥሩ ጋለሪ 40 በመቶውን ሠርቶ ነው የሚበላው። ለአንድ ሠዓሊ ለዓመታት ገዢ የሚያፈላልግ፣ ዋጋውንም ሳያዝረከርክ ቀስ እያለ የሚያሳድግ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ዳግም ሽያጭ ነው። አንድ ሰው ድሮ ገዝቶ ቤቱ ያኖረውን ሥዕል አምጥቶ በጋለሪው በኩል ይሸጣል። በፊተኛው ክፍል ያዩት አብዛኛው እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም። ከስመ ጥሮቹ የአውስትራሊያ ሠዓሊያን ሲድኒ ኖላን በ1992፣ አርተር ቦይድ በ1999፣ ፍሬድ ዊሊያምስ በ1982 ነው ያረፉት። የነሱ ሥዕል ሲሸጥ ዋናው ገንዘብ የሚሄደው ለባለንብረቱ ነው። ዋጋቸውም የሚተመነው ከዚህ በፊት በጨረታ ባወጡት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጆኒ ዋራንግኩላ ሳልነግርዎ አላልፍም። በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ፣ ፓፑንያ በሚባል ሰፈር ይኖር የነበረ ሠዓሊ ነው። በ1972 ካሊፒኒፓ ስለሚባል የውሃ ቦታ የሠራው ሥዕል ያኔ በ150 ዶላር ተሸጠ። በ1997 ጨረታ ላይ 206,000 ዶላር አወጣ። በ2000 እንደገና ሲሸጥ 486,500 ዶላር ደረሰ። ዋራንግኩላ በሕይወት ነበር፤ ድሃ ነበር። ከሁለቱም ሽያጭ በሕግ የሚገባው አንድ ሳንቲም አልነበረም። የሌላው የበረሃ ሠዓሊ የክሊፎርድ ፖሰምም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1977 የሠራውን ትልቅ ሸራ አንድ ባንክ በ1,200 ዶላር ገዛው። በ2007 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ፖሰም ከዚያ 5 ዓመት ቀድሞ አርፎ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ነው ሕጉን የወለደው። ከጁን 2010 ጀምሮ አንድ ሥዕል በነጋዴ ወይም በጨረታ ቤት በኩል በ1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዳግም ሲሸጥ 5 በመቶው ለሠዓሊው ይከፈላል። ሠዓሊው ካረፈም በኋላ ለ70 ዓመት ወራሾቹ ያገኛሉ። ሕጉ ሲወጣ ሰው እጅ የነበረ ሥዕል ግን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጥ አይከፈልበትም። 5 በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ከምንም ጋር ሲያነጻጽሩት ግን ትንሽ አይደለም። እርስዎ የሚገዙት ሥዕል አንድ ቀን በልጅዎ እጅ ቢሸጥ ይኸው ሕግ ይሠራል።

አሁን ወደ ኋለኛው ክፍል፣ ወደ እርስዎ ሸራ እንምጣ።

ከበረሃው የሚመጣ ሥዕል ጤነኛ መንገድ አለው። ሠዓሊዎቹ በየሰፈራቸው የራሳቸው የሥነ ጥበብ ማዕከል አላቸው። ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ሠዓሊዎቹ ናቸው። ከቀደምቶቹ አንዱ ፓፑንያ ውስጥ በ1972 የተቋቋመው ፓፑንያ ቱላ ነው። ማዕከሉ ሸራና ቀለም ያቀርባል፤ ያለቀውን ሥራ ፎቶ ያነሳል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። የሠዓሊውን ስም፣ ቋንቋውን፣ መጠኑን፣ ዓመቱንና ታሪኩን ይመዘግባል። ከዚያ ለከተማ ጋለሪዎች በአደራ ይልካል። ሥዕሉ ሲሸጥ ጋለሪው የራሱን ይወስዳል፤ ቀሪውን ማዕከሉና ሠዓሊዋ ይካፈላሉ። የማዕከሉ ድርሻ ለቀለም፣ ለመኪና ነዳጅና ለደመወዝ ይሆናል። አንዳንዱ ማዕከል አዛውንቶችን ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም በዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ 3,800 ዶላሩ በዚህ መንገድ ከመጣ፣ አዎ፣ ሠዓሊዋ ጋ ይደርሳል።

መጥፎውም መንገድ አለ። ነጋዴ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ አንድ ሞቴል ውስጥ አሮጊት ሠዓሊ ያስቀምጣል። ሸራና ቀለም ይሰጣታል። ክፍያው ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ወይም አሮጌ መኪና ነው። ይህ ወሬ አይደለም። የአውስትራሊያ ሴኔት በ2007 ባወጣው ምርመራ በሰፊው ተነስቷል። ሥዕሉ በእርግጥ በእጇ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ግን በብዝበዛ የመጣ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይ?» ብቻ ብለው ቢጠይቁ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የኛው አገር ልጅ የሆነች ደንበኛ ተጠቅልሎ የታሰረ ሸራ ይዛ መጣች። ከቱሪስት ሱቅ ነው የገዛችው። አብሮት የሚያምር ሰርተፊኬት አለ፤ ወርቃማ ማኅተም አለው። ሠዓሊዋ ብሩሽ ይዛ የተነሳችው ፎቶም አለ። ሰርተፊኬቱን የሰጠው ግን ራሱ ሻጩ ነው። የማዕከል ስም የለም፤ ቁጥር የለም፤ ሥዕሉ የትና መቼ እንደተሠራ የሚናገር ነገር የለም። ፎቶው ላይ የሚታየው ሸራ ደግሞ ሌላ ነው። ነጥቦቹን ቆጥረን ነው የለየነው። ልጅቷ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያንን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬት ሳይ ማኅተሙን ትቼ የሰጪውን ስም ነው የምፈልገው። ሻጭ ለራሱ ዕቃ የጻፈው ምስክር ምስክር አይሆንም።

በተረፈ ጋለሪው የነባር ሕዝቦች ሥነ ጥበብ የንግድ ሥነ ምግባር ደንብ ፈራሚ መሆኑን ይጠይቁ። ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ደንብ ነው፤ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ያልፈረመ ሁሉ ሌባ ነው ማለትም አይደለም። «ለምን አልፈረማችሁም?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰጡት መልስ ግን ብዙ ይነግርዎታል። ስለ ሱቅ ስጦታዎች አላወራም፤ እዚያማ ከገበያው ከግማሽ በላይ የሚሆነው አቦርጂናል ሰው ያልነካው መሆኑን የመንግሥት ጥናት በ2022 ጽፎታል።

ልጅዎ ያለውን አይቆጡት። እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ትልልቅ ሰዎችም ይሉታል። ግን አንድ ቀን ስለ ኤሚሊ ካሜ ንግዋሬ ይንገሩት። በ1910 አካባቢ ዩቶፒያ በሚባል የበረሃ አገር ተወለደች። ካሜ የሚለው ስሟ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚበላ የአንድ ተክል ዘር ስም ነው። ዕድሜዋን ሁሉ በሴቶች ሥርዓት ላይ የሴቶችን ደረትና ትከሻ በቀለም ስትሥል ኖረች። በ1977 ጨርቅ በሰም መቀለም ተማረች። ሸራ ላይ በአክሪሊክ መሥራት የጀመረችው ወደ 80 ሲጠጋት፣ በ1988 መጨረሻ ነው። በ1996 አረፈች። በእነዚያ 8 ዓመታት ወደ 3,000 የሚጠጋ ሥዕል ሠራች ይባላል። በ1994 የሠራችው ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም ሥራ በ2007 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2017 ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ምን ሣልሽ ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ ሁሉንም፣ አገሬን ሁሉ። ልጅዎ ነጥብ ማስቀመጥ ይችላል። ያንን አገር ግን 70 ዓመት በእግሩ አልሄደበትም።

እዚህ ጋ የክፍሎቹ ስም ራሱ ያስቸግረኛል። «ዘመናዊ» የተባለው የኖላን ሥዕል የ1940ዎቹ ሊሆን ይችላል። «ነባር» የተባለው ሸራ ባለፈው ዓመት የተሠራ ነው። በዕድሜ ካየነው አሮጌው የፊተኛው ክፍል ነው። ቶኒ ታክሰን የሚባል ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ነበር፤ የሲድኒው የመንግሥት ጋለሪ ምክትል ዳይሬክተርም ነበር። በ1958 በሰሜን አውስትራሊያ ካሉት ከቲዊ ደሴቶች ሰዎች ጋር ተነጋግሮ 17 የመቃብር ምሰሶዎች አሠራ። በጋለሪው ፊት አቆማቸው። ያኔ እንዲህ ያለው ነገር የሚቀመጠው ከድንጋይ መሣሪያና ከእንስሳት አጥንት ጋር ሙዚየም ውስጥ ነበር። ይህ ሥነ ጥበብ አይደለም ብለው የተከራከሩም ነበሩ። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለደፈሩ ነው። ጋለሪዎች ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ ቀላቅለው ቢሰቅሉ ደስ ይለኛል። የሚያደርጉም አሉ።

የምስጢሩን ነገር መጠየቅዎ ደግሞ አስደስቶኛል። ከመቶ ገዢ አንዱ ቢጠይቅ ነው።

በ1971 ጄፍሪ ባርደን የሚባል መምህር ፓፑንያ መጣ። በዚያው ዓመት የሰፈሩ ሽማግሌዎች የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በማር ጉንዳን ታሪክ ሣሉት። ከዚያ ባገኙት እንጨትና ሰሌዳ ላይ መሣል ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ላይ በሥርዓት ጊዜ ብቻ የሚታዩ ነገሮች በግልጽ ይታዩ ነበር። ሌሎች አቦርጂናል ማኅበረሰቦች ይህን ሲያዩ ተቆጡ። ሠዓሊዎቹም አሠራራቸውን ቀየሩ። አንዳንዱን ምልክት ተዉት፤ ሌላውን በነጥብ ሸፈኑት። ነጥቡ ያማረው ለጌጥ ብቻ አይደለም። መጋረጃም ነው። ለእኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ታቦት በጥምቀት ተሸፍኖ ሲወጣ አይተናል። ከሽፋኑ ሥር ያለውን ሁሉም ያውቃል። ገልጣችሁ አሳዩን የሚል ግን የለም። ጋለሪ ውስጥ የተሰቀለው ባለቤቶቹ «ይህን ያህሉ ይታይ» ብለው የፈቀዱት ነው። በጥሩ መንገድ የመጣ ሥዕል ከሆነ ሳሎንዎ ውስጥ መስቀልዎ ነውር የለበትም። እንዲያውም ሠዓሊዋ የላከችው እንዲታይ ነው።

ሥዕሉ የሚናገረው ታሪክ ደግሞ ባለቤት አለው። ማንም ተነስቶ የሌላውን ታሪክ አይሥልም። መብቱ በአባት ወይም በእናት ወገን ይወረሳል። ከኛ ቃላት የሚቀርበው ርስት ነው። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም። በ1997 በምዕራብ አውስትራሊያ 40 የሚሆኑ ሠዓሊዎች 8 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አንድ ሸራ አብረው ሠሩ። የመሬት መብታቸውን ለሚያየው አካል እንደ ማስረጃ አቀረቡት። እያንዳንዱ ሽማግሌ በሸራው ላይ በተሣለው የራሱ ውሃ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ስለ አገሩ ተናገረ። ሸራው ንጉራራ ይባላል። ጥያቄያቸው በ2007 ተቀባይነት አገኘ።

ጋለሪው ሲመለሱ ግራ የሚያጋቡ ጥቂት ነገሮች ያገኛሉ። የበረሃ ሠዓሊያን የመጨረሻ ስም ብዙ ጊዜ የአባት ስም አይደለም። ጃፓልጃሪ የሚባሉ 10 ሰዎች ቢያዩ ወንድማማቾች አይምሰሉዎት። የዘመድ ምድብ ስም ነው፤ በብዙዎቹ በረሃ ሕዝቦች የወንዱ በ«ጃ» ወይም «ጁ» ሲጀምር የሴቷ በ«ና» ወይም «ኑ» ይጀምራል። በር ላይ ደግሞ ያረፉ ሰዎች ስምና ምስል እንዳለ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይኖራል። በሐዘን ጊዜ የሟች ስም አይጠራም፤ ያንን አክብረው ነው። ከሥዕሉ አጠገብ ያዩት ቀይ ነጥብ ተሸጧል ማለት ነው። ግማሽ ብቻ ከሆነ ተይዟል፤ የያዘው ሰው ሊተወው ስለሚችል ስልክዎን ትተው ይሂዱ።

የእርስዎ ሸራ ዋጋ ተገቢ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ብዙ ማዕከላት ሥራዎቻቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ከነዋጋቸው ያወጣሉ። የዚያችኑ ሠዓሊ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሥራ ይፈልጉ። ዋጋው የተቀራረበ መሆን አለበት። 3,800 ዶላር ስም ላላት ሠዓሊ መካከለኛ ሸራ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከከበደዎት ትንንሽ ሸራዎች በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። «አትርፈህ ትሸጠዋለህ» ብሎ ሊያሳምንዎ የሚሞክር ሻጭ ካጋጠመዎ ግን ይውጡ። የአቦርጂናል ሥዕል ጨረታ በ2007 ጣራ ነክቶ ከዚያ ክፉኛ ወርዷል። በዚያ ጊዜ ለትርፍ የገዙ ብዙ ሰዎች አዝነዋል። ሲያዩት የሚውሉትን ይግዙ።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። ሥዕሉን መግዛት ምስሉን መግዛት አይደለም። ምግብ ቤት ወይም ካፌ ካላችሁ ግድግዳው ላይ መስቀል ይቻላል። ሜኑ ላይ ወይም ቲሸርት ላይ ማተም ግን የሠዓሊዋን ፈቃድ ይጠይቃል። አልበርት ናማጂራ በ1938 ሜልቦርን ባሳየው የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑ ሥራው ሁሉ የተሸጠለት ታላቅ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ነበር። ካረፈ በኋላ በ1983 የመንግሥት ባለአደራ የሥራዎቹን የቅጂ መብት በ8,500 ዶላር ለአሳታሚ ሸጠው። ቤተሰቡ መብቱን ያስመለሰው በ2017 ነው። 34 ዓመት የአያታቸውን ሥዕል ሌላ ሰው ሲያትመው አዩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሂዱ፤ ቅዳሜ ሰው ይበዛል። ሥዕሉን እንዲያዞሩልዎ ይጠይቁ፤ ያዞሩታል። ከጀርባው የማዕከሉ ስምና ቁጥር ካለ ይጻፉት፤ ለማዕከሉ ደውለው ቁጥሩን ይንገሯቸው። ገንዘቡን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጋለሪ ይፈቅዳል። ልጅዎን ይዘውት ይሂዱና የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሠዓሊዋ ዙሪያውን እየተቀመጠች ነው የሚሠራው። ስለዚህ ላይና ታች ላይኖረው ይችላል። ቤት ሲወስዱት በቁመትም በአግድምም ይሞክሩት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳና የእጣን ማጨሻው አጠገብ ግን አይስቀሉት።